ዘይት ፊት አይሰጥም

በዔደን፣ በአል-ሚምዳራ ሰፈር ለሚኖር ሁሉ፣ ለቅርቡም ለሩቁም፣ እንዲታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ ማክሰኞ ጠዋት ውሃ መጣ።

ውሃው የመጣው እንደ ወትሮው በቦቴ መኪና ነው። ቦቴው እንደ ወትሮው ከዳር ሰዓድ ወዲያ፣ ከላሕጅ መንገድ ጉድጓድ ቀድቶ፣ በጠባቡ መንገድ የኋሊት እየተነዳ ገባ። ይህ የሆነው ሁለቱ የመኖች አንድ በሆኑ በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ በየመብራት እንጨቱ ላይ ባንዲራ በተሰቀለበት ወር ነው። እንደ ወትሮው ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሐጃ ዐሊያ ቤት የወጣችው ሠራተኛ ቱቦውን ከመቀበሏ በፊት የሾፌሩን ፊት ትኩር ብላ አየችና በተሰባበረ ዐረብኛ፣

«አንተ መሊሕ!» አለችው።

በዐረብኛ ጨዋማ የሆነ ነገር «ማሊሕ» ይባላል። «መሊሕ» ግን ቆንጆ ማለት ነው። ልዩነቱ የትኛውን ፊደል ጎትቶ የትኛውን መተው እንደሆነ ማወቅ ነው፤ እሷ የጎተተችው የተሳሳተውን ነው።

«ሹክረን» አለ ሾፌሩ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ላ ሹክረን!» እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሙያህ መሊሕ! አንተ መሊሕ! ሁሉ ቤት መሊሕ!» ሙያ ማለቷ ውሃ ነው።

ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜው እንኳን አንድ ሙሉ ቤት አንድ ሰው ቆንጆ ነህ ብሎት አያውቅም። ፈገግ አለ፤ ሊያቆመውም አልቻለም።

«ያ ረቢ» አለች ልጅቷ ለራሷ፣ በአማርኛ። «ጨው እያጠጣን ደግሞ ይስቃል።»

«ጨው?» አለ ሾፌሩ፣ በአማርኛ።

ግድግዳው ላይ የነበረ ቁራ ብቻ አንድ ነገር ተናገረ።

«ማሊሕ ለማለት ፈልገሽ ነው» አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ምን አልሁህ?»

ነገራት። ልጅቷ የሻርፗን ጫፍ ፊቷ ላይ ጣለች፤ ከሻርፑ ሥር ለረጅም ጊዜ አልወጣችም።

«ነይ ቅመሺ ለማንኛውም» አለ። ቱቦውን ከፍቶ በእጁ መዳፍ ቀድቶ እሱ መጀመሪያ ጠጣ። እሷም በራሷ መዳፍ ቀድታ ቀመሰች። ውሃው ንጹሕ ነበር፤ የጨው ጠረን እንኳ የለውም። ሾፌሩ ደስ ይላታል ብሎ ጠበቀ። ልጅቷ ግን ከውሃው ጋር ደሟም የፈሰሰ ይመስል ገረጣች።

«እርግጠኛ ነህ? ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«አንድ ቀን እንኳ ከሌላ ጉድጓድ አልቀዳህም? አስበው እስኪ። ወላሂ አልጣላህም።»

«አልቀዳሁም።»

ጨዋማ ባለመሆኑ ያዘነ ደንበኛ ሀቢብ ከዚያ በፊት ገጥሞት አያውቅም። ስሙ ሀቢብ ነው። የእሷ ዋሂዳ፤ ከወሎ፣ ከሐርቡ።

በሐጃ ዐሊያ ቤት አራት ሰው ይኖራል፣ ወይም አምስት፤ አቆጣጠሩ በሚቆጥረው ሰው ይለያያል። ሐጃ ዐሊያ አሉ። ልጃቸው ዳሊያ አለች። የዳሊያ ባል ከማሉዲን አለ፤ ጨው በሚመረትበት በመምላሓው ዘበኛ ነው። ዋሂዳ አለች። አምስተኛው ባሲል ነው፤ የሐጃ ወንድ ልጅ። በጦርነቱ በጋ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከሲራ ወደብ በጀልባ ወጣ። እሱም ጀልባውም አልተመለሱም።

ሐጃ ዐሊያ ከዚያ ጀምሮ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲሰገድ አንድ ብርጭቆ ውሃ በባሕሩ አቅጣጫ ባለው መስኮት ላይ ያስቀምጣሉ። ከመስኮቱ ባሕር አይታይም። የሚታየው የጎረቤት ታንከርና ራቅ ብሎ የጀበል ሐዲድ ተራራ ነው። ጠዋት ጣታቸውን ነክረው ይቀምሱና ውሃውን በሩ ላይ ባለው የጃስሚን ተክል ሥር ይደፉታል። ዐሥራ አንድ ዓመት ውሃው ውሃ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ጠዋት ሐጃ ቀመሱ። ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ ቀረ።

«መጣ» አሉ።

ውሃው ጨው ጨው ይል ነበር። ከባሕር የመጣ ሰው የጠጣበት ውሃ ሌላ ምን ይላል? ሐጃ በዚያ ቀን ሁለት ሰሐን ሩዝ በሉ። ከበሉ ዓመት የሆናቸው ይመስል ነበር። ዳሊያ ወጥ ቤት ገብታ በደስታ አለቀሰች።

ዋሂዳ ግን የምታውቀው ነገር ነበር፤ ወደ ቤቱ ከገባች ወዲህ ብርጭቆውን የምታስቀምጠው እሷ ናት። የዚያን ቀን ዋዜማ ጥርሷን አሟት በቅርንፉድና በጨው ውሃ ስትጉመጠመጥ ነበር፤ መግሪብ ሲደርስ በችኮላ የተሳሳተውን ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ልትናገር ወደ ሳሎን ሄደች። ሐጃ ሁለተኛውን ሰሐን እየጨረሱ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ ብላ ተመለሰች።

በማግሥቱ ብርጭቆውን ራሷ በሳሙና አጠበችው፣ ራሷ ሞላችው፣ ራሷ ቀምሳ አስቀመጠችው። ውሃ ነው። ሲነጋ ጨው ሆኖ አደረ።

በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛውም።

የጃስሚኑ ተክል በወሩ ደረቀ። ማንም ስለ እሱ አንድ ቃል አልተናገረም። የዔደን ቁራ የማይጠጣው ነገር የለም ይባላል፤ ከዚያ ተክል ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ግን ቁራዎቹ ዞረውት ይሄዱ ነበር።

ከዚያ ሐጃ ዐሊያ አሰቡ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያልመጣ ልጅ አሁን ለምን መጣ? በቤቱ አዲስ ነገር ማን ነው? ዋሂዳን አስጠሩና አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የመጣው ላንቺ ነው» አሉ።

በዚህ ዓይነት ዋሂዳ የባሲል ሙሽራ ሆነች። ከሙሽራነቷ ወዲህ ወለል አላጠበችም። አልጋ ተሰጣት። ጎረቤቷ ላይላ መጥታ ሁለቱንም ጉንጯን ሳመችና፣ «መብሩክ። ቁመቱ ጥሩ ነው፣ ጸባዩም ዝምተኛ ነው» አለቻት፤ ዓይኗን ግን ከወለሉ አላነሳችም። ከማሉዲን በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ምሳ ላይ ሐጃ ዐሊያ ሥጋውን ወደ እሷ እየገፉ፣

«ባሲል ቀጭን ናት ይላል። ብዪ» ይላሉ።

ትበላለች። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ዋሂዳን ከጠየቋት ወንዶች ሁሉ የሞተው ይሻል ነበር። አይሰክርም፣ አይሳደብም፣ ቀጭን ነሽ ቢልም በሰው አፍ ነው። የሚያስፈራት ማታ ማታ ብቻ ነበር፤ ራሷን በብርድ ልብስ ተከናንባ መስኮቱ ወዳለበት ክፍል ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች።

ዐቅዱ፣ የጋብቻው ውል፣ ለዐርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ተቆረጠ። ሙሽራው መንገደኛ ስለሆነ ከማሉዲን ወኪል ሆኖ ይፈርማል። ጋብቻውን ለሚያስረው ሸኽ የተነገረው ይኸው ነው፤ መንገደኛ ነው፣ በባሕር።

የዋሂዳ ጀዋዝ፣ ማለት ፓስፖርቷ፣ ከሐጃ ዘንድ ነው።

አንድ ታንከር ውሃ ለአራት ሰው ሳምንት ይበቃል። ሀቢብ ግን በሳምንት ሦስት ቀን መምጣት ጀመረ። ቱቦውን ታንከሩ ውስጥ ይከትታል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጥቂት ይጨምራል። በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ሁለት ሰው ቢነጋገር ከቤት አይሰማም።

«አንተ ዐረብ ነህ ሐበሻ?» አለችው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ።

«ደሴ ነው የተወለድኩት። አባቴ የመኒ፣ እናቴ የቦሩ ሜዳ ሰው። እዚያ ዐረቡ ይሉኝ ነበር። እዚህ ደግሞ ሐበሺው ይሉኛል።»

«ታዲያ የት ነው አንተን በስምህ የሚጠሩህ?»

አሰበ። «እዚህ» አለ።

«እዚህ የት?»

«ታንከሩ ጋ።»

ዋሂዳ ወደ ታንከሩ ዞረች፤ ሳቋን ለታንከሩ ሰጠችው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ የጋብቻው ዐርብ ሁለት ቀን ሲቀረው ረቡዕ፣ ሁሉንም ነገረችው። ጥርሷን፣ ብርጭቆውን፣ ጃስሚኑን፣ ዐርብን። ሲሰማ ቱቦውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ ስትጨርስም አልለቀቀውም።

«ፈቅደሻል?» አለ።

«ለሞተ ሰው እሺ ማለት ቀላል ነው። መልስ አይጠብቅም።»

«እኔ ብጠይቅሽስ?»

ሞተሩ ይጮኻል። ዋሂዳ የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ ጠቀለለችው።

«መጀመሪያ ከሱ አስፈታኝ» አለች። «በየሌሊቱ የሚመጣ ከሆነ ላታልለው አልችልም። የማይመጣ ከሆነ ደግሞ ማን እንደሚመጣ ልወቅ።»

ሀቢብ የተማረው እስከ ዐሥረኛ ክፍል ነው። ቦቴ ከመንዳቱ በፊት ግን ዳር ሰዓድ በቀለም መሸጫ ሱቅ ይሠራ ነበር። አንዱ ቀለም በውሃ፣ ሌላው በቲነር ብቻ የሚቀጥነው ለምንድን ነው ብሎ ባለቤቱን ጠየቀ። ባለቤቱ፣ «አላህ እንደዚያ ስላደረገው» አለው። ሀቢብ ይህንን ተቀበለ፤ አላህ እንዴት አድርጎ እንደዚያ እንዳደረገው ለማወቅ ግን ሽፋኑ የተገነጠለ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ገዝቶ ሦስት ዓመት አነበበው።

«ጨው አንድ ነገር እንዳይመስልሽ» አለ። «ሁለት ነው። አንዱ ያለውን ሰጥቶ የጎደለ፣ አንዱ ተቀብሎ የተረፈው። ሰጪና ተቀባይ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይለቅም። ብትፈጪው፣ ብትደቁሺው፣ ትንሿ ፍሬ ውስጥም ተያይዘው ነው የምታገኛቸው።»

«ውሃ ውስጥ ግን ይጠፋሉ።»

«አይጠፉም። ውሃ ሁለት ፊት አለው። ባንዱ ፊቱ ለሰጪው ይስቅለታል፣ ባንዱ ለተቀባዩ። እንደ ሚዜ ዙሪያቸውን ይከብና፣ ኑ እስኪ ብሎ አንድ በአንድ ይዟቸው ይሄዳል። እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ናቸው፤ ብቻ በሰው መሐል ተለያይተዋል።»

«ዘይትስ?»

«ዘይት ፊት የለውም። ከየትኛውም ጎኑ ብታዪው ያው ነው። ፊት የሌለው ደግሞ ፊት አይሰጥም። ጨው ብትጨምሪበት እንደተያያዘ ሄዶ ታች ይቀመጣል።»

«ልክ እንደ ከማሉዲን ነው በለኛ። ስፒርቶስ?»

«ስፒርቶ ጎረቤት ነው። በር ላይ ሰላም ይላል፣ ጥቂቱን ያስገባል፣ አልጋ ግን አያነጥፍም።»

«የተለያዩትስ?» አለች። «ውሃው ሲደርቅ?»

«ይገናኛሉ። በመምላሓው የምታዪው ጨው ሁሉ እንደዚያ የተገናኘ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ሞተሩን ማጥፋት ነበረበት፤ ታንከሩ ሞልቶ ውሃው በጎኑ ወደ አሸዋው እየፈሰሰ ነበር። አላጠፋውም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሀቢብ ከፋርማሲ ለሆድ ድርቀት የሚሸጥ ፓራፊን ዘይት አመጣ። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ ከውሃ አይለይም።

«በጨለማ ጨው ጣል አድርጎ የሚሄድ ሰው መኖሩን ይነግርሻል። ሰው ከሆነ ጨዉ ታች ሳይሟሟ ያድራል» አለ።

«ሰው ካልሆነስ? ባሕር ይዞ የሚመጣ ከሆነስ?»

«ያኔ ውሃው ከዘይቱ ሥር ለብቻው ድቡልቡል ብሎ ይታያል። ውሃና ዘይት አይቀላቀሉም።» ሀቢብ ጠርሙሱን አቀበላት። «ድቡልቡሉን ካየሽ እኔም አልከራከርም። እሱ ቀድሞኛል።»

መግሪብ ላይ ዋሂዳ ብርጭቆውን በዘይቱ ሞልታ በመስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

ዐርብ ጠዋት ሐጃ ዐሊያ ከመስኮቱ ፊት ቆሙ። ዳሊያ በቀኛቸው፣ ከማሉዲን በግራቸው። ዋሂዳ በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ወደ ብርጭቆው አልቀረበችም።

ሐጃ ጣታቸውን ነከሩ። ጣታቸው ሲወጣ አልተንጠባጠበም፤ እየተሳበ፣ እየዘገየ ወረደ። ቀመሱ። ሁለቱ «መጣ» የሚለውን ቃል ጠበቁ።

ቃሉ አልመጣም።

ሐጃ ብርጭቆውን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን ያዙት። ከታች የውሃ ድቡልቡል የለም። ጨው ግን አለ። ፍሬዎቹ ዘይቱ ውስጥ ያበራሉ፤ ሌሊቱን ሁሉ አንዷ እንኳ አልሟሟችም። የወደቁትም እንደየወደቁበት ነው፤ ሦስት ቦታ፣ ሦስት ትንንሽ ክምር።

«ማንኪያ» አሉ ሐጃ።

ዋሂዳ አመጣች። ሐጃ ዘይቱን ቀስ ብለው ወደ ሳሕን ገለበጡት፣ ክምሮቹን አንድ በአንድ በማንኪያ እያወጡ ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖሯቸው። እጃቸው ረዥም ጊዜ ሽንብራ ሲለቅም የኖረ እጅ ነው፤ አልተሳሳተም።

የመጀመሪያው እንደ ተሰበረ ጠርሙስ የገጠጠ፣ ግራጫ ጨው ነበር።

«ይሄ የመምላሓ ነው።»

ከማሉዲን ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ አየ። «እንዲበሉ ብዬ ነው» አለ ለማራገቢያው።

ሁለተኛው እንደ ዱቄት የደቀቀ።

«ይሄ የፓኮ ነው።»

«እማ፣ አንድ ቀን ብቻ ነበር ያሰብኩት» አለች ዳሊያ። «በሁለተኛው ቀን ውሃው ውሃ ብቻ ቢሆን እንዴት አይሽ ነበር?»

ሁለት ወር ሙሉ በየሌሊቱ ተራ በተራ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ የተባባሉ ባልና ሚስት ተያዩ።

ሦስተኛው ክምር ጥቁር አዝሙድ የተቀላቀለበት ነበር። ሐኪም ጨው ከከለከላቸው ወዲህ ሐጃ ዐሊያ እንዲህ ያለ ጨው በመሐረብ ቋጥረው ከትራሳቸው ሥር ይይዛሉ። ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ቤቱ ሁሉ እንደማያውቅ ይሆናል። ከማሉዲን አፉን ከፈተ። ዳሊያ እግሩን ረገጠችው። የከፈተውን ዘጋው።

ሐጃ ያንን ክምር ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ።

ከውጭ የአንድ ቁራ ጥፍር ግድግዳውን ሲቧጥጥ ይሰማል።

«አንድ ጠዋት ጨው ባይኖረው እናንተ ምን ትሆናላችሁ ብዬ» አሉ ሐጃ። «ደስ ብሏችሁ ነበር።»

ዋሂዳ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «ሐጃ፣ የመጀመሪያው የኔ ነው። ጥርሴን አሞኝ ስጉመጠመጥ… ብርጭቆው ተሳስቶኝ…»

«ዐውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ቅርንፉድ ይሸት ነበር» አሉ ሐጃ ዐሊያ። «ባሕር ውስጥ ቅርንፉድ የለም።»

«ታዲያ ለምን መጣ አሉ?»

«ቃሉ ዐሥራ አንድ ዓመት አፌ ውስጥ ነበር፣ ያ ቢንቲ። ሰበብ ሲያገኝ ወጣ።» አገጯን እንደ ያኔው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። «ከወጣ በኋላ ደግሞ አንቺ እንዳትሄጂብኝ አሰርኩሽ። ከሱ ይልቅ የሚቀርብ ገመድ አጣሁ።»

ከዚያ ሐጃ ጣታቸውን አረጠቡና ከሦስተኛው ክምር ትንሽ አንስተው በሁሉም ፊት ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

«ባሲል፣ አላህ የርሐሙ» አሉ።

ይህ፣ አላህ ይማረው ማለት፣ ስሙ ለተጠራ ሙት ብቻ የሚባል ነው። በዚያ ቤት ከባሲል ስም ቀጥሎ ማንም ብሎት አያውቅም። ዳሊያ፣ «አላህ የርሐሙ» አለች። ከማሉዲንም አለ። ሁለቱም ወዲያው ነው ያሉት፣ ሳይደናቀፉ፤ ለብዙ ጊዜ ለብቻቸው ሲለማመዱት እንደኖሩ ሰዎች።

«ዳሊያ፣ የልጅቷን ጀዋዝ አምጪ» አሉ ሐጃ። «ከማል፣ አንተ ሸኹ ዘንድ ሂድ። መንገደኛው አይመለስም በላቸው።»

ከማሉዲን ሊወጣ በሩን ሲከፍት ሀቢብ ደጁ ላይ ቆሟል። ቱቦውን በትከሻው ተሸክሟል። ዐርብ ቀን በመላው ዔደን የሚሠራ ቦቴ የለም። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙ የትናንቱ ነው።

«ውሃ… ውሃ አምጥቼ ነበር» አለ።

ሐጃ ዐሊያ በመስኮቱ ወደ ታንከሩ አዩ። ከታንከሩ ሥር ያለው አሸዋ በአል-ሚምዳራ ብቸኛው ርጥብ አሸዋ ነበር።

«ታንከሩ ሙሉ ነው» አሉ።

ሀቢብ ዋሂዳን አያት። በሰው ፊት ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እሷም ሻርፗን አልሳበችም።

«ረቡዕም ሙሉ ነበር፣ ሐጃ» አለና ቱቦውን መሬት ላይ አስቀመጠ።